መብራት በጠፋ ቁጥር የሱቄ ካሜራ ከስልኬ ይጠፋል፤ ዳይናሚክ ዲኤንኤስ ይሻለኛል?

ሰናይት፦ ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ላይ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለችኝ። አራት ካሜራና ዲቪአር (ምስሉን የሚቀዳው ሳጥን) ያስገጠምኩት ልጅ ራውተሩ ላይ ፖርት (ከውጭ ወደ ዲቪአሩ መግቢያ በር) ከፍቶ የአይፒ ቁጥሩን፣ ማለትም የሱቁን የኢንተርኔት አድራሻ፣ ስልኬ ላይ ሞላልኝ። ሦስት ቀን ከቤት ሆኜ አየሁ። ከዚያ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቁጥሩ ተቀየረ፤ በቃ፣ ባዶ ስክሪን። ቋሚ አይፒ ደግሞ በየወሩ ተጨማሪ ክፍያ አለው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ብሩክ፦ ዳይናሚክ ዲኤንኤስ የተሠራው ለዚሁ ነው። አንድ ስም ታወጫለሽ፤ ቁጥሩ በተቀየረ ቁጥር ራውተሩ ወይም ዲቪአሩ አዲሱን ራሱ ያስመዘግባል፤ ስልክሽ ላይ በቁጥሩ ፋንታ ስሙን ትሞያለሽ። ኖ-አይፒ የሚባለው አገልግሎት ነፃ ስም ይሰጣል፤ ግን በየ30 ቀኑ በኢሜይል አረጋግጪ ይልሻል። ከዘነጋሽው ስሙ ይሰረዛል፤ እኔ ሁለቴ ደርሶብኛል። ዳክ ዲኤንኤስ የሚባለው ሌላው አገልግሎት እንዲህ አያስቸግርም፣ ብዙ ዲቪአሮች ግን ዝርዝራቸው ውስጥ የላቸውም።

የኬብል ልጅ፦ ቆይ፣ ከመመዝገብሽ በፊት ራውተሩ ገጽ ላይ ዋን አይፒ (የራውተሩ የውጭ አድራሻ) የሚለውን እዪ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ አትድከሚ፤ አንዱን የውጭ አድራሻ ከብዙ ደንበኞች ጋር እየተጋራሽ ነው። ስሙ እዚያ ድረስ ያደርሳል እንጂ አንቺ ሱቅ አይገባም።

ሰናይት፦ አየሁት፤ በ100 አይጀምርም፣ «አይፒዬ ስንት ነው» ከሚለው ድረ ገጽ ጋርም አንድ ነው። ኖ-አይፒ ላይ ስም አውጥቼ ዲቪአሩ ላይ ሞላሁ፤ ስሙም ትክክለኛውን ቁጥር ያሳያል። ካሜራው ግን አሁንም አይከፍትም!

የኬብል ልጅ፦ የምትሞክሪው በሱቁ ዋይፋይ ነው? አንዳንድ ራውተር ከውስጥ ወጥቶ ተመልሶ መግባትን አይፈቅድም። ዋይፋዩን አጥፊና በሞባይል ዳታ ሞክሪ።

ሰናይት፦ በዳታም እምቢ አለ።

ወ/ሮ አልማዝ፦ ልጄ፣ የዲቪአሩን የውስጥ አይፒ፣ ራውተሩ ሱቁ ውስጥ የሚሰጠውን ቁጥር፣ አይተሻል? መብራት ሲመጣ እሱም አዲስ ቁጥር ሊወስድ ይችላል፤ የተከፈተው ፖርት ደግሞ ወደ ድሮው ይልካል። እኔ በዳቦ ቤቴ ሳምንት ሙሉ የተንከራተትኩት በዚህ ነው።

ሰናይት፦ እማማ፣ እጅዎ ይባረክ! ፖርቱ ወደ 192.168.1.5 ነበር የሚልከው፣ ዲቪአሩ ግን 192.168.1.9 ላይ ተቀምጧል። ራውተሩ ላይ 9ን ለእሱ ብቻ ያዝኩለት፣ ፖርቱንም ወደዚያ አዞርኩ። በዳታ ከፈተ!

ብሩክ፦ እሰይ! ግን ገጣሚው የተወልሽን የይለፍ ቃል ዛሬውኑ ቀይሪ። በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ የካሜራዎችንና የዲቪአሮችን መንጋ የያዘው ፋብሪካ የሰጣቸውን የይለፍ ቃል እየሞከረ ነው። ራውተርሽ ዋየርጋርድ የተባለው ቪፒኤን (ከውጭ ወደ ሱቅሽ ኔትወርክ የሚያስገባ የተመሰጠረ መስመር) ካለው ደግሞ የዲቪአሩን ፖርት ዘግተሽ በእሱ ግቢ፤ የኖ-አይፒው ስም እዚያም ያገለግልሻል።

ሰናይት፦ የይለፍ ቃሉ 12345 ነበር። አሁን ቀየርኩት። ዋየርጋርዱን ነገ ሱቅ ስገባ አያለሁ።