ከባንከር አሸዋ ኳስ ማውጣት አቃተኝ

የባሶ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በወር አንዴ ቢበዛ ሁለቴ አዲስ አበባ ሄጄ ጎልፍ እጫወታለሁ። ሌላው ይሁን፣ ባንከር (ሜዳው ላይ ያለው የአሸዋ ጉድጓድ) ውስጥ ስገባ ግን ጉዴ ይፈላል። ወይ ዱላው አሸዋ ውስጥ ይቀበራል፣ ወይ ኳሷ ግሪኑን (ቀዳዳው ያለበትን አጭር ሣር) አልፋ ማዶ ትወድቃለች። ባለፈው አንዱ ባንከር ውስጥ አምስት ጊዜ መታሁ! ሳንድ ዌጄ (የአሸዋ ዱላዬ) ፊቱ 56 ዲግሪ የተጋደመ ነው። ግቢያችን ውስጥ ለግንባታ የተደፋ አሸዋ አለ፤ እሱ ላይ ልለማመድ እችላለሁ። ምን ላስተካክል?

መንዜው፦
ወንድሜ፣ ኳሷን ለመምታት እየታገልክ ነው። ገና እየተጫወትክ ነው መሰለኝ ያደግከው፤ እኔም እንደዛው። ገና ላይ ሩሯን ራሷን ካላገኘሃት አለቀልህ። እዚህ ግን ዱላው ኳሷን መንካት የለበትም። ከኳሷ ኋላ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያለውን አሸዋ ምታ፤ አሸዋው ሲረጭ ይዟት ይወጣል።

አሸዋው ላይ በጣትህ ረጅም መስመር አስምር። ኳስ አታስቀምጥ። ክብደትህን ፊት እግርህ ላይ ጣል አድርገህ፣ እየተራመድክ መስመሩን ብቻ ምታ። ከዚያ ጎንበስ ብለህ ጠባሳውን እየው። መስመሩ ላይ ጀምሮ ስስ ሆኖ ከሄደ ደህና ነህ። ከመስመሩ ኋላ ከጀመረ ክብደትህ ወደ ኋላ ሸሽቷል። ደጋግመህ ስታገኘው ያኔ ኳስ አምጣ።

የአንኮበር ጭስ፦
ልክ ነው። የዱላውን ፊት መክፈትም (ወደ ሰማይ እንዲያይ ማዞር) እንዳትረሳ። መጀመሪያ ክፈተው፣ ቀጥሎ ጨብጠው። ጨብጠህ እጅህን ብትጠመዝዝ ስትመታ ተመልሶ ይዘጋል። የሳንድ ዌጅ ሥሩ ወፍራም ነው፤ ባውንስ የሚሉት እሱን ነው፣ እንዳይሰምጥ። አሜሪካዊው ጎልፍ ተጫዋች ጂን ሳራዘን በፈረንጆቹ 1930ዎቹ መጀመሪያ የዱላውን ሥር በብየዳ ያወፈረው ለዚሁ ነበር። ደግሞ አሸዋ ነካሁ ብለህ እንዳትቆም፣ ጨርሰው!

እቴ፦
ውድድር ላይ ከሆንክ ከመምታትህ በፊት ኳሷ አጠገብ ያለውን አሸዋ በዱላህ እንዳትነካ። ለሙከራ ስትወዘውዝም ቢሆን ሁለት ምት ያስቀጣል። ጭራሽ ካቃተህ ደግሞ ከ2019 ወዲህ ሁለት ምት ተቀጥተህ ኳሷን ከባንከሩ ኋላ አውጥተህ መጫወት ትችላለህ። ከአምስቱ ይሻልሃል 😄

የባሶ ልጅ፦
ኑሩልኝ! ትናንት መስመሩን ሞከርኩ። ጠባሳው ሁሌ አንድ ጫማ ያህል ኋላ ነው የሚጀምረው፤ ለካ ወደ ኋላ ተንጋልዬ ነው። እናቴ ግን «የልስኑን አሸዋ አጥር ሥር ጨረስከው» ብላ ተቆጥታለች። አንድ ነገር ልጨምር፦ ዛሬ ዝናብ ጥሎ ነበር፣ ዱላው እየነጠረ ኳሷን አናቷን መታት።

መንዜው፦
እርጥብ አሸዋ ጠንካራ ነው፣ ባውንሱ ይነጥርበታል። እንዲህ ሲሆን ፊቱን ብዙ አትክፈተው። አሸዋውን ደግሞ በወንፊት ንፋው፤ ጠጠሩ ዱላህን ይጨርሰዋል። የተነፋውን ለልስን መልስላት፣ እማማም አይቆጡም።