የመንጋጋ ድምፅ ጠፍቶ አፍ አልከፈት ሲል፦ ጥርስ መሞረድ ያስፈልጋልን?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 31 ነው። ለ2 ዓመት ያህል አፌን በሰፊው በከፈትሁ ቁጥር ከቀኝ ጆሮዬ ፊት ለፊት «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ ሕመም ስላልነበረው ቸል ብዬው ቆየሁ። ከ3 ሳምንት በፊት ግን ከእንቅልፌ ስነቃ ድምፁ ጠፍቶ፣ አፌም ከሁለት ጣት በላይ አልከፈት ብሎኝ አገኘሁት። ልክፈተው ብዬ ስታገል አገጬ ወደ ቀኝ ይሸሻል፤ ጆሮዬንም ይወጋኛል። የጆሮ ሐኪም መርምሮ ጆሮዬ ጤነኛ መሆኑን ነገረኝ። የጥርስ ሐኪም ደግሞ ጥርሶቼ በደንብ ስለማይገጥሙ ተሞርደው መስተካከል አለባቸው አለኝ። የተሞረደ ጥርስ ተመልሶ ስለማያድግ ከመወሰኔ በፊት የሚያውቁ ሰዎችን ምክር እጠይቃለሁ።

መልስ፣ ከአፍና መንጋጋ ቀዶ ሐኪም

የገለጹት ሁኔታ በአካል መመርመር ቢኖርበትም፣ የምልክቶቹ ቅደም ተከተል ራሱ ብዙ ይናገራል። የታችኛው መንጋጋ ራስ የሚቀመጠው ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ለፊት በራስ ቅል አጥንት ውስጥ ባለ ጎድጓዳ ስፍራ ነው፤ በሁለቱ አጥንቶች መካከልም መገጣጠሚያውን ላይኛና ታችኛ ክፍል አድርጎ የሚከፍል ጠንካራ ግን ተጣጣፊ ዲስክ አለ። አፍ መከፈት ሲጀምር የመንጋጋው ራስ በታችኛው ክፍል በቦታው ይሽከረከራል፤ በሰፊው ሲከፈት ደግሞ ዲስኩን ይዞ በላይኛው ክፍል ወደ ፊት ይንሸራተታል። በአንድ ጊዜ የሚሽከረከርም የሚንሸራተትም በመሆኑ ከሌሎች መገጣጠሚያዎች ሁሉ ይህን መገጣጠሚያ አስደናቂ ሆኖ አገኘዋለሁ።

በእርስዎ ዘንድ ዲስኩ ቀድሞውኑ ወደ ፊት ሸሽቶ የነበረ ይመስላል። «ቀጭ» የሚለው ድምፅ የመንጋጋው ራስ የሸሸው ዲስክ ላይ ተመልሶ ሲወጣ የሚሰማ ነው፤ ሕመምና የመክፈት ችግር ከሌለው ሕክምና አያሻውም። አሁን ግን ዲስኩ ከፊት ሆኖ መንገዱን ስለዘጋ ድምፁ ቀርቷል፤ የቀኙ ወገን ስለማይንሸራተትም አገጭዎ ወደዚያው ይሄዳል። የጤነኛ አዋቂ አፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 ሚሊሜትር በላይ፣ ማለትም ሦስት ጣት ያህል ይከፈታል። የጆሮ ሕመሙም ምክንያት አለው፤ ለመገጣጠሚያው የሚደርሰው ነርቭ ለጆሮ ቀዳዳም ቅርንጫፍ ይሰጣል።

ጥርስዎን አያስሞርዱ። የጥርስ አገጣጠም የዚህ ሕመም ዋና ምክንያት ነው የሚለው የቆየ አስተሳሰብ በማስረጃ አልጸናም፤ በሽተኛውንም ወደማይመለስ ጉዳት የሚወስድ በመሆኑ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ብዙ ሰዎች ዲስኩ ወደ ቦታው ባይመለስ እንኳ፣ ከበስተጀርባው ያለው ሕብረ ሕዋስ ጫናውን ስለሚለምድ በወራት ውስጥ ሕመማቸው ቀንሶ አፋቸው ይከፈታል። ይህ ካልሆነ መገጣጠሚያውን በመርፌ በጨው ውኃ ማጠብ ይቻላል። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ለጥቂቶች ብቻ ነው።

መልስ፣ ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

ከላይ የተባለውን እደግፋለሁ። ለጊዜው ለስላሳ ምግብ ይመገቡ፤ ማስቲካ ይተዉ፤ ሲያዛጉ አገጭዎን በእጅዎ ደገፍ ያድርጉ። ጉንጭዎን ለ10 ደቂቃ ያህል በሞቀ ጨርቅ ካሞቁ በኋላ፣ የምላስዎን ጫፍ ከላይኛው የፊት ጥርሶች ጀርባ ላንቃ ላይ አሳርፈው አፍዎን በቀስታ ይክፈቱና ይዝጉ። መወጠር ሊሰማዎት ይችላል፤ ስለታም ሕመም ከተሰማዎት ግን ያቁሙ። ከሁሉ የሚከብደው የቀን ልማድ ነው፦ ከማኘክና ከመዋጥ ውጭ ከንፈር ቢገጥምም ጥርስ ከጥርስ መራቅ አለበት። ብዙ ሰው በሥራ ተመስጦ ሳለ ሳያውቀው ጥርሱን ነክሶ ይውላል።

ጠያቂው

ከልብ አመሰግናለሁ። ሌሊት ጥርሴን እንደማፋጭ ቤተሰቦቼ ይነግሩኛል፤ የሌሊት የጥርስ ሽፋን ይጠቅመኝ ይሆን?

መልስ፣ ከቀዶ ሐኪሙ

ሊያግዝዎ ይችላል፤ ነገር ግን ጥርስ እንዳይሸረሸር ይጠብቃል እንጂ ማፋጨቱን አያስቀርም። ሁሉንም ጥርሶች የሚሸፍን፣ በልክዎ የተሠራ ይሁን፤ የፊት ጥርሶችን ብቻ የሚሸፍነው ለረጅም ጊዜ ከተደረገ አገጣጠሙን ሊያዛባ ይችላል።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎችም አንድ ነገር ልጨምር። ዕድሜው ከ50 በላይ የሆነ ሰው ሲያኝክ የሚጀምረውና ሲያርፍ የሚተወው የመንጋጋ ሕመም ከአዲስ ራስ ምታት ወይም ከዕይታ መደብዘዝ ጋር ከመጣበት፣ የደም ሥር ብግነት ዓይንን ሊያጠፋ ስለሚችል በዚያው ቀን ይታከም። አካላዊ ጥረት ሲደረግ የሚቀሰቀስና ከደረት መጨነቅ ጋር የሚመጣ የመንጋጋ ሕመም ደግሞ ከልብ ሊሆን ስለሚችል ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።