በስማችን የሚላክ ሐሰተኛ ኢሜይል

በቡሬ ከተማ በርበሬና በቆሎ ለጅምላ ነጋዴዎች የሚያቀርብ አነስተኛ ድርጅት አለን፤ የዶሜኑ (የኢንተርኔት አድራሻ ስማችን) እና የኢሜይሉ ኃላፊ እኔ ነኝ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ከቶ ያልላክናቸው መልእክቶች «ተቀባዩ አልተገኘም» እየተባሉ በየቀኑ በመቶዎች ይመለሱልናል፤ አንድ የደብረ ማርቆስ ደንበኛችንም በስማችን የተጻፈ ሐሰተኛ የክፍያ መጠየቂያ ደርሶት፣ ደግነቱ ከመክፈሉ በፊት ደወለልን።

የይለፍ ቃሎቹን ሁሉ ቀየርሁ፤ ሆኖም የሰርቨሩን መዝገብ ብመረምር ከእኛ የወጣ አንድም መልእክት አላገኘሁም፣ የተመላሾቹ የአይፒ አድራሻዎችም የእኛ አይደሉም። ሰብሮ የገባ የለም ማለት ነው። ከዚያ ኤስፒኤፍን (በዶሜናችን ስም መላክ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ዝርዝር) በጥብቅ ክልከላ አስገባሁ፤ ይሁንና እርሱ የሚያጣራው አንባቢው የሚያየውን የላኪ ስም ሳይሆን ከጀርባ ያለውን የመመለሻ አድራሻ በመሆኑ ብቻውን አልበቃም። በሰርቨራችን ላይ ዲኪምን (መልእክቱ በዶሜናችን መፈረሙን የሚያረጋግጥ ዲጂታል ፊርማ) ጨምሬ፣ ዲማርክን (ሁለቱን ከሚታየው ላኪ ጋር አመሳክሮ ያላለፈው መልእክት ምን እንደሚደረግ የሚናገር ፖሊሲ) ሪፖርት ብቻ እንዲሰበስብ «ኖን» ላይ አደረግሁት። ሪፖርቶቹ ግን ሌላ ችግር ገለጡ፦ ደረሰኞቻችንን የሚልክልን የውጭ አገልግሎት በዶሜናችን ዲኪም አይፈርምም፤ የመመለሻ አድራሻውም የራሱ ነው።

የዲማርክ ፖሊሲውን ወደ «ሪጀክት» (ያላለፈውን ማገድ) ሳሻግር እውነተኞቹ ደረሰኞች አብረው እንዳይታገዱ፣ አገልግሎቱን የራሱ ዲማርክ ወዳለው ንዑስ ዶሜን ማዛወር ይሻላል ወይስ በዋናው ዶሜን እንዲፈርም የዲኪም ቁልፉን በዲኤንኤሳችን (የዶሜኑ ይፋዊ መዝገብ) ላይ ማስመዝገብ?