በ0 እና በ1 ብቻ የሚጻፍ ብዜት፦ 9 ላይ ለምን ዘለለ?

ጠያቂ (ደሴ)፦ ሰላም ወገን፣ እዚህ ደሴ ሒሳብ አስጠናለሁ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ለእያንዳንዱ ቁጥር በ0 እና በ1 ብቻ የሚጻፈውን ትንሹን ብዜት ስፈልግ ለ2 10፣ ለ3 111፣ ለ7 1001፣ ለ8 1000 እያለ መጣና 9 ላይ ባንዴ 111111111 ሆነ። ምነው? ደሞ ሁሌ እንደሚገኝ በምን እናውቃለን?

መልስ (ኮምቦልቻ)፦ 9ኙ ቀላል ነው ወንድሜ፣ ለ9 እንዲካፈል የዲጂቶቹ ድምር የ9 ብዜት መሆን አለበት፣ ስለዚህ ዘጠኝ አንዶች ግድ ነው። ለ99 ደሞ አስራ ስምንት አንድ ይደረደራል።

መልስ (ሐይቅ)፦ ሁሌም ይገኛል። 1፣ 11፣ 111 እያልክ ስምንት ቁጥር ጻፍ፣ ለ7 ስታካፍላቸው ቀሪው ከ0 እስከ 6 ሰባት አይነት ብቻ ነው። ስምንት ሰው ለቡና መጥቶ ሲኒው ሰባት ከሆነ ሁለቱ በአንድ ሲኒ መጠጣታቸው አይቀርም አይደል፣ እንደዛው ሁለቱ ቁጥሮች ቀሪያቸው አንድ ይሆናል፤ ትልቁ ላይ ትንሹን ስትቀንስ አንዶች ከዛ ዜሮዎች ያሉት የ7 ብዜት ይወጣል። ለማንኛውም ቁጥር ይሄው ነው። ትንሹን ግን አይሰጥህም፣ 111111 ለ7 ይካፈላል ትንሹ ግን 1001 ነው። ትንሹን በኮምፒውተር ስትፈልግ ከ1 ተነስተህ ከኋላ 0 ወይም 1 እየጨመርክ በቅደም ተከተል ሂድ፣ ለቁጥርህ ስታካፍለው ቀሪው ከዚህ በፊት የመጣ ከሆነ ዝለለው፣ በጣም ይፈጥናል። የሒሳብ ሊቁ ኒል ስሎን በ1964 መሰብሰብ የጀመረው የተከታታይ ቁጥሮች ኢንሳይክሎፔዲያ ላይም አለ፣ A004290 ብለህ ፈልገው።

ጠያቂ (ደሴ)፦ የሲኒዋ ነገር ቁልጭ አርጋ አስገባችልኝ፣ እድሜ ይስጥህ! 17ን በእጄ ሞከርኩ 11101 መጣ፣ 17 ሲባዛ 653። ነገ ለልጆቹ 19ን እሰጣለሁ።