ጥቆማ፦ ቀለል ያለ የስኪ ስኪን የምታውቁ?

አውሮራ_ልጅ፦
ሰላም ወገን። ያለሁት ኮሎራዶ ነው። ሦስት ክረምት በሊፍት እየወጣን በረዶ ላይ በስኪ ስንንሸራተት ቆየን፤ ዘንድሮ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር በእግር ወጥተን መውረድ ጀመርን፣ ብዙ ጊዜ በርተድ ፓስ። እስካሁን ስኪን የምከራየው ነበር፤ አሁን የራሴን ልግዛ ብያለሁ። ስኪዬ መሃሉ ላይ ወርዱ 96 ሚሊሜትር፣ ቁመቱ 178 ሴንቲሜትር ነው። የምከራየው ናይለን ነው። መያዙን ይይዛል፣ ግን እግሬ ላይ ድንጋይ ያሰርኩ ነው የሚመስለኝ። በጀቴ 200 ዶላር አካባቢ ነው። የቱ ይሻለኛል?

ወይናደጋ፦
ለደረቀ ስኪን የሺአ ቅቤን የሚያህል የለም ወንድሜ። እዛ አየሩ ደረቅ ነው አሉ። ማታ ማታ ተቀባ።

አውሮራ_ልጅ፦
ሃሃሃ እህቴ የፊት አይደለም። ስኪው ሥር የሚለጠፍ ነው። ፀጉሩ ወደ ኋላ ስለተኛ ወደ ፊት ያስኬድሻል፣ ወደ ኋላ ልንሸራተት ስትዪ ግን ይቆምና ይይዝሻል።

ስድስት_ኪሎ፦
አጎዛ በለና በቃ።

የጄኔቩ፦
ቀልድህ ሩቅ አይደለም። እዚህ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው እስካሁን "ፖ ደ ፎክ" ነው የሚለው፣ የፎክ ቆዳ ማለት ነው። ድሮ የእውነት ከዚያ የባሕር እንስሳ ቆዳ ይሠራ ነበር። አሁን ሞሄር ነው፣ የአንጎራ ፍየል ፀጉር።
ወደ ጥያቄህ ስመለስ፦ ሞሄር ብቻ የሆነው ቀላል ነው፣ በደንብ ይንሸራተታል፣ ሲታጠፍም ትንሽ ቦታ ነው የሚይዘው። ግን ቶሎ ያልቃል፣ በጠጠረ በረዶ ላይ ቀጥ ያለ ዳገት ሲመጣ ደግሞ እንደ ናይለን አይቆነጥጥም። አንተ ቅልቅል ውሰድ። ብዙዎቹ 70 በመቶ ሞሄር 30 በመቶ ናይለን ናቸው። ብላክ ዳይመንድ 65 በ35 የሆነ አለው። እኔ ፖሞካ ይዤ አራተኛ ክረምቴ ነው። የስዊዝ ስለሆነ አይደለም የማሞግሰው። እሺ፣ ትንሽ ነው።

ፕላት_ዳር፦
አር ኢ አይ ሱቅ ሂድ። ዴንቨር ወንዙ ዳር ያለው፣ የድሮው የትራም ኃይል ማመንጫ ሕንፃ። አባል ከሆንክ እስከ ዓመት ድረስ መመለስ ትችላለህ። ሌላ ቦታ አትንከራተት።

አውሮራ_ልጅ፦
እሺ፣ የትኛውን ስኪን ግን?

ፕላት_ዳር፦
አር ኢ አይ አልኩህ እኮ።

የተቀጣው፦
ቆይ እኔ ልንገርህ፣ ቀላል ቀላል እያልክ እንዳትሸወድ። ባለፈው ዓመት ከአንድ ሱቅ (ስሙን አልጠራም) ያገለገለ ሞሄር ገዛሁ። ሻጩ ሙጫው ገና ነው አለኝ፣ ራሱ ቆረጠልኝ። የደብረ ብርሃንን ብርድ አውቃለሁ የምል ሰው ነኝ፣ ከ3,400 ሜትር በላይ የካቲት ላይ ቆሜ ግን ብርድ ምን እንደሆነ ገባኝ። የመጀመሪያው መውጣት ሰላም። ነቅዬ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ፣ ወረድኩ፣ ለሁለተኛው ልለጥፍ ስል እምቢ! እንደ ካርቶን ደርቋል። በግድ አጣብቄ አሥር እርምጃ እንደሄድኩ ከኋላ ተላቀቀ፣ በረዶ ሙጫው ላይ ገባ፣ ከዚያ በኋላ ነገር ዓለሙ አለቀ። ስኪዬን ተሸክሜ እስከ ጭኔ እየሰመጥኩ ሁለት ሰዓት ተጓዝኩ። ሱቁ ብመለስ "ያገለገለ ዕቃ አንመልስም"። ሌቦች!

ስኖኳልሚ፦
አይዞህ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ስትነቅለው ለምን ቦርሳ ውስጥ ከተትከው? ጃኬትህ ውስጥ፣ ሰውነትህ ጋ ነው የሚቀመጠው። ሙጫ ሲቀዘቅዝ አይጣበቅም።

የተቀጣው፦
ማን ነግሮኝ? ሻጩ መናገር አልነበረበትም?

ስድስት_ኪሎ፦
ልክ ነህ፣ አብሮህ ወጥቶ ብብቱ ሥር ይዞልህ መውረድ ነበረበት።

የተቀጣው፦
አንተ አዲስ አበባ ተቀምጠህ በረዶ ያየኸው ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ ዝም በል።

የጄኔቩ፦
እሱ ይቅርና ማታ የት ነበር የምታደርቀው?

የተቀጣው፦
ማሞቂያው ላይ። ምነው?

የጄኔቩ፦
በቃ ሙጫውን አንተ ነህ የጨረስከው። ሙቀት ያቀልጠዋል። ክፍል ውስጥ ተሰቅሎ ነው የሚደርቀው፣ ከማሞቂያም ከፀሐይም ራቅ ብሎ። የውሻ ፀጉር ካለበት ምንጣፍም ይራቅ።

የተቀጣው፦
ሱቁ ነው። አሁንም ሱቁ ነው።

ስኖኳልሚ፦
ሲያትል ነኝ፣ እኛ ጋ በረዶው እርጥብ ነው። ስኪኑ ውሃ ይጠጣና ብርድ ሲያገኝ ሥሩ በረዶ ይሸከማል፣ ባለ ተረከዝ ጫማ ያደረግህ ነው የሚመስልህ። ለሱ የስኪን ሰም አለ፣ ፀጉሩን በተኛበት አቅጣጫ ትቀባዋለህ። ያንተ በረዶ ደረቅ ስለሆነ ፀደይ እስኪመጣ ብዙም አያስቸግርህም።
ደግሞ ለቅለት ብለው ጠበብ አድርገው የሚቆርጡ አሉ። አንተ አትሞክረው። የተራራ ጎን ይዘህ ስታቋርጥ ጠርዝ ጠርዙ ላይ የሚይዝ ነገር ያስፈልግሃል። የስኪውን ወለል ሞልቶ የብረቱ ጠርዝ ብቻ በሁለቱም በኩል እንዲታይ ይቆረጥ። ከኋላ መንጠቆ ያለው ግዛ፤ የውድድሮቹ የላቸውም። ሁለት የጎማ ማሰሪያም ቦርሳህ ውስጥ ይኑር፣ የቮይሌ ጥሩ ነው። ሙጫው እምቢ ሲል ስኪንና ስኪውን አንድ ላይ ጥፍር አድርገህ ታስርና ቤትህ ትገባለህ። ወንድማችንም ይሄ ቢኖረው ሁለት ሰዓት በጭኑ አይዋኝም ነበር።

እናት_አለም፦
ሮቤል ተክለማርያምን ለምን አትጠይቁትም? በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በስኪ የተወዳደረው እሱ አይደል?

የጄኔቩ፦
እሱ አገር አቋራጭ ነው እማማ፣ ዕቃው ሌላ ነው። ግን ኮርተንበታል።

እናት_አለም፦
እኔማ ልጁ ይበርደዋል ብዬ ነው። ውስጥ የሚለበስ ሱፍ የት ይሻላል?

ፕላት_ዳር፦
አር ኢ አይ።

ስኖኳልሚ፦
አውሮራ_ልጅ፣ ስኪኑን ተወውና በበረዶ ናዳ የተቀበረ ሰው መፈለጊያ መሣሪያ፣ አካፋና ዘንግ አላችሁ? የኮሎራዶን የናዳ መረጃ ማዕከል ትንበያ ጠዋት ጠዋት ታያላችሁ? ከ30 ዲግሪ በላይ የሆነ ቁልቁለት በርተድ አካባቢ ሞልቷል። የእናንተ በረዶ ደግሞ ከሥሩ ለረጅም ጊዜ ሳይጠነክር ይቆያል።

አውሮራ_ልጅ፦
አለን፣ ኮርሱንም ወስደናል። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ብዙ ተማርኩ። በነገራችን ላይ ቦት ጫማዬ ጎኑ ላይ ጠብቦኛል፣ ሙቀት ሰጥቶ የሚያሰፋ ሰው ታውቃላችሁ?

ፕላት_ዳር፦
አታስጨርሰኝ።

ወይናደጋ፦
እና ስኪኑ? የትኛውን ገዛህ?

ወይናደጋ፦
ሃሎ?

ስኖኳልሚ፦
የተቀጣው፣ ያንን ስኪን ካልጣልከው ሙጫው ተፍቆ አዲስ ይቀባል እኮ። ወርዱ ስንት ነው?

የተቀጣው፦
98። ግን የውሻ ፀጉር አለበት።