አካፋዩን ሳያሳይ «አረጋገጠ» ይባላል እንዴ?

ተጠራጣሪው፦ ትላንት አንዱ የለጠፈውን አይቼ ደሜ ፈላ። 2 ፓወር 67 ሲቀነስ 1፣ ማለትም 147573952589676412927፣ ፕራይም (ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ቁጥር) እንዳልሆነ የሒሳብ ሊቁ ሉካስ እ.ኤ.አ. በ1876 አረጋገጠ፣ አካፋዮቹን ግን ኮል በ1903 አገኛቸው ይላል። 27 ዓመት ሙሉ አካፋይ ሳያሳይ ምኑን ነው ያረጋገጠው?? ግምት በሉት።

ባለቀሪው፦ ግምት አይደለም ወንድሜ። 15ን ውሰድ። ፕራይም ቢሆን ኖሮ 2 ፓወር 14ን (ከ15 አንድ ሲቀነስ) ለ15 ስታካፍል ቀሪው 1 ይሆን ነበር። 16384 ለ15፣ ቀሪው 4። አለቀ። 3ን ጠራሁ? 5ን ጠራሁ?

ተጠራጣሪው፦ ሳያዩ የሚያምኑ ብፁዓን ናቸው በለኛ 😂

እንቅልፍ አጥ፦ ቶማስ መጣልን

ጉጉት፦ «አለቀ» አትበል። 341 እኮ 11 ሲባዛ 31 ነው፣ ያንተን ፈተና ግን ቀሪ 1 አውጥቶ ሽው ብሎ ያልፋል።

ባለቀሪው፦ አንብብ እንጂ! ያለፈ ሁሉ ፕራይም ነው መች አልኩ? የወደቀ ፕራይም አይደለም ነው ያልኩት።

ጉጉት፦ እሺ፣ ግን ፓወሩ ፕራይም የሆነ የመርሴን ቁጥር (2 ፓወር የሆነ ነገር ሲቀነስ 1) ሁሉ በ2 ሲፈተን ያልፋል፣ ይሄኛውም ጭምር። ያመጣኸው ፈተና ለተጣላንበት ቁጥር አይሰራም ማለት ነው ሃሃ

ባለቀሪው፦ እሱን ልክ ነህ፣ ለዛ እኮ ነው ሉካስ ሌላ ዘዴ የፈለገው፣ ሌህመር በኋላ አሻሽሎት ዛሬ ሉካስ ሌህመር የምንለው። ከ4 ትነሳለህ፣ በራሱ ታባዛለህ፣ 2 ትቀንሳለህ፣ ለቁጥሩ አካፍለህ ቀሪውን ትይዛለህ። ለ31 (2 ፓወር 5 ሲቀነስ 1)፦ 4፣ 14፣ 8፣ 0። ዜሮ ላይ ካረፈ ፕራይም፣ ካላረፈ አይደለም። ፓወሩ 67 ለሆነው ለኛ ቁጥር 65 ዙር ነው፣ ዜሮ አይመጣም።

እንቅልፍ አጥ፦ ጥፋቱ የመነኩሴው የመርሴን ነው፣ በ1644 ፕራይም ይሰጣሉ ባላቸው ፓወሮች ዝርዝር ውስጥ 67ን የከተተው እሱ

የድሮ ተማሪ፦ መነኩሴውን ተዉት፣ 61 ለማለት 67 ተጽፎ ይሆናል የሚሉ አሉ

እንቅልፍ አጥ፦ ዝርዝሩ ውስጥ መግባት የነበረባቸው 89 እና 107ስ የት ሄዱ? 257ንስ ማን አስገባው፣ እሱም የጽሕፈት ስህተት ነው?

የድሮ ተማሪ፦ አንተ በዛ ዘመን በእጅህ አስላና እንይህ

ተጠራጣሪው፦ ከርዕስ አትውጡ። ኮል ሰሌዳ ላይ 193707721 ሲባዛ 761838257287 ብሎ አሰላው፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ተቀመጠ፣ ተጨበጨበለት ይባላል። ማረጋገጥ ይሄ ነው!

ባለቀሪው፦ 2 ፓወር 1048576 ሲደመር 1ስ? 315,653 ዲጂት አለው፣ ፕራይም እንዳልሆነ ይታወቃል፣ አንድም አካፋዩን ያየ የለም።

ተጠራጣሪው፦ ስለዚህ አይታወቅም!

ጉጉት፦ ቆይ ተጠራጣሪው፣ የኮልን ብዜት ራስህ ሰርተኸው አይተሃል?

ተጠራጣሪው፦ ካልኩሌተሬ 1.4757 ምናምን ብሎ መጨረሻውን ቆረጠው

ጉጉት፦ እና አላየህም

ተጠራጣሪው፦ ስንት ሰው አባዝቶታል እኮ!!

እንቅልፍ አጥ፦ ብፁዕ 😂😂