አርባ ዓመት ያለፋትን ዲኤክስ ልጠግናት፣ ልሽጣት ወይስ በብረት ዋጋ ላስረክባት?

ጡረተኛው መምህር (ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ)

የተከበራችሁ ወገኖች፣ ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. በ1982 የተሠራች ኮድ 2 ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ አለችኝ። በ1996 ዓ.ም. ገዝቼ ስም ካዞርኩ ወዲህ ልጆቼን ትምህርት ቤት ያመላለስኩባት፣ በየዓመቱም ለጥምቀት አንኮበር ዘመድ ለመጠየቅ የሄድኩባት መኪና ናት። ከዓመት ወዲህ ግን ጠዋት ስትነሣ ሰማያዊ ጭስ ታወጣለች፣ በየ500 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሊትር ያህል ዘይት ትጨርሳለች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ ቾክ እየሳቡና እየመለሱ ሩብ ሰዓት ካልታገሏት አትነሣም። ከሾፌሩ እግር ሥር ያለው ላሜራ ዝጎ ስለ ተበሳ፣ ምንጣፉን ገለጥ ሲያደርጉት አስፋልቱ ሲሮጥ ይታያል። የልጅ ልጄ ይህን እንደ ልዩ መስኮት ቆጥሮት በሄድን ቁጥር ምንጣፉ ይነሣልኝ ይላል።

የጠየቅሁት ጋራዥ ሞተሯን ሙሉ በሙሉ ለማደስ 190 ሺህ ብር ጠይቆኛል፤ የላሜራው ሥራ በዚህ ውስጥ አልገባም። አንድ ደላላ በበኩሉ 260 ሺህ ብር በእጅ እንደሚሰጠኝና ስም ማዞር ሳያስፈልግ ውክልና ብቻ ብፈርምለት በማግስቱ እንደሚወስዳት ነግሮኛል። የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ደግሞ በኪሎ መዝኖ ሊገዛኝ ፈቃደኛ ነው። ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ባለፈበት በዚህ ጊዜ በጡረታ ደመወዝ እርሷን ይዞ መቆየት ከባድ ሆኖብኛል። የዓመታዊ ምርመራዋ ጊዜም እየደረሰ ስለሆነ ከዚያ በፊት ብወስን እመርጣለሁ። የትኛው መንገድ ይሻለኛል ትላላችሁ?

የጋራዥ ሰው (ደብረ ብርሃን)

መምህር፣ 190 ሺህ ብሩን ከማውጣትዎ በፊት ጭሱ መቼ መቼ እንደሚታይ በደንብ ያጢኑት። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል፤ ዘይቱ ግን በሁለት መንገድ ሊገባ ይችላል። መኪናዋ ሌሊቱን ቆማ ጠዋት ስትነሣ ብቻ ጨሳ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የምትጠራ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቫልቭ ጎሚኒ (ዘይት በቫልቩ በኩል እንዳይወርድ የሚከለክለው ላስቲክ) ማርጀት ነው፤ ይህ ደግሞ ሞተር ሳይወርድ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ከሙሉ እድሳት ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ዳገት ላይ ቤንዚን በሰጧት ቁጥር ከኋላዋ ደመና የምትተው ከሆነ ግን የፒስተን ፋሻው (ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት) አልቋል ማለት ነው።

ሌላም ነገር ልጨምር። ገዢዎች ከአዲስ አበባ መካኒክ ይዘው ይመጡና ኮምፕሬሽን (በሲሊንደሮቹ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት) ለክተው «ሞተሩ ሞቷል» ብለው ዋጋ ያስወድቃሉ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ይልቅ ከሩብ በላይ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ቆላ ላይ 12 ባር የሚያነብ ጤነኛ ሞተር እዚህ 9 ቢያነብ የሚገርም አይደለም። ሊታይ የሚገባው የአራቱ ሲሊንደሮች ልኬት እርስ በርሱ መቀራረቡ ነው። ሦስቱ 9 አንዱ 5 ካነበበ ያን ጊዜ ችግር አለ። በተጨማሪም ካርቡራተሯ ለዚህ ከፍታ ካልተስተካከለ ከአየሩ ይልቅ ቤንዚኑ ስለሚበዛ ካንዴላዎቹ ጥላሸት ይለብሳሉ፤ የጠዋቱ ትግል ከፊሉ ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ጡረተኛው መምህር

ስለ ማብራሪያዎ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ልጄ ከኋላ ቆሞ እንዲያይልኝ አድርጌ ነበር። ጭሱ እንደተነሣች ብዙ ሆኖ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጠፋ፤ ወደ ጠባሴ ዳገት ስወጣም አልታየም። ከሥሯ የዘረጋሁት ካርቶን ላይ ግን የእጅ መዳፍ የሚያህል የዘይት እድፍ አግኝቻለሁ።

የጋራዥ ሰው

እንግዲያው ከዘይቱ ብዙው የሚፈሰው ነው እንጂ የሚቃጠለው አይደለም። 190 ሺህ ብሩን ይርሱት። ጎሚኒውንና የሚያፈሰውን ጋርኒሲዮን (በሞተሩ ክፍሎች መጋጠሚያ ላይ የሚገባውን ማሸጊያ) ማስቀየር ብቻ ይበቃዎታል፤ እርሱንም ለመሸጥ ከወሰኑ ባያደርጉት አይጎዱም፤ አሮጌ መኪና ላይ የሚወጣ የጥገና ገንዘብ ከመሸጫው ዋጋ ላይ ተመልሶ አይገኝምና። ፍሬኗን ብቻ ያስተካክሉ።

የሸዋ ሮቢቷ እናት

መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የሞተሩ ነገር ይቆይ፤ እኔን ያስደነገጠኝ የደላላው ውክልና ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ቪትዜን ልክ እንደዚህ «ስም ማዞሩ ወጪ ነው፣ ግብሩ ብዙ ነው» ተብዬ በውክልና ሸጥኩ። ገዢው ለሌላ ሰው አስተላለፈ፣ ሌላውም ለሌላ። በሦስተኛው ዓመት አንድ ቀን የፍርድ ቤት መጥሪያ እቤቴ ድረስ መጣ። መኪናዋ እኔ ረግጬው በማላውቀው ከተማ እግረኛ ገጭታ ኖሮ፣ በመዝገብ ላይ የሚታየው ስም የእኔ ስለሆነ ተከሳሽ እኔ ነበርኩ። ያንን ለማስረዳት ሁለት ዓመት ተመላለስኩ፤ የጠበቃውና የትራንስፖርቱ ወጪ ስም ማዞሩ ከሚጠይቀው እጥፍ ሆነ። ሊብሬው በእርስዎ ስም እያለ መኪናዋ ከግቢዎ አትውጣ።

ሕግ አዋቂ (ደብረ ብርሃን)

እኅቴ የተናገሩት በሕጉ የተደገፈ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ መኪናውን ሲነዳ የነበረው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ይህ ኃላፊነት አይቀርም። ባለቤቱ የሚያመልጠው መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበረ ካስረዳ ነው፤ ቁልፉን በፈቃዱ ያስረከበ ሰው ደግሞ ተሰረቅሁ ሊል አይችልም። ከዚህም ሌላ ውክልና በመሠረቱ ወካዩ ሲሞት የሚቋረጥ በመሆኑ፣ ገዢውም ቢሆን ከእርስዎ በኋላ ከልጆችዎ ጋር ሊካሰስ ይችላል። ደላላው ውክልናውን የወደደው በአንድ ሳምንት ውስጥ ለሌላ አትርፎ ሊሸጣት ስላሰበ ይመስለኛል።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። መኪናዋን በ1996 ሲገዙ ባለትዳር ነበሩ? ባለቤትዎስ አሁን አሉ?

ጡረተኛው መምህር

ባለትዳር ነበርኩ። ባለቤቴ በ2014 ዓ.ም. አርፋለች። ሊብሬው በእኔ ስም ብቻ ስለሆነ ይህ ከሽያጩ ጋር የሚገናኝ አልመሰለኝም ነበር።

ሕግ አዋቂ

ነፍስ ይማር። በትዳር ውስጥ የተገዛ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ የመኪናዋ ግማሽ የሟች ውርስ ሲሆን፣ ኑዛዜ ከሌለም በአንቀጽ 842 መሠረት የሚወርሱት ልጆቻችሁ ናቸው። ሽያጩን ለመፈራረም ወደ ውልና ማስረጃ ሲሄዱ የጋብቻ ሁኔታዎን የሚያሳይ ማስረጃ መጠየቅዎ አይቀርም፤ የሚስትዎ መሞት ከታወቀ በኋላ ደግሞ የወራሽነት ማረጋገጫ ይፈለጋል። ልጆችዎ በሙሉ ለአካለ መጠን ደርሰው ከተስማሙ ነገሩ ከባድ አይደለም፤ ፍርድ ቤት አመልክተው ማረጋገጫውን ያወጣሉ፣ ከዚያም ልጆቹ ራሳቸው ቀርበው ይፈርማሉ ወይም ለእርስዎ ውክልና ይሰጣሉ። ውክልና ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው የተፈጠረው፣ ሽያጭን ለመደበቅ አይደለም። የደላላውን ወረቀት ፈርመው ቢሆን ኖሮ ግን የልጆችዎን ድርሻ ጭምር ሳይጠየቁ ሸጡ ይባል ነበር።

ብረት ነጋዴ (ጫጫ)

ዕቃውን ስለማውቀው የብረቱን ሂሳብ እኔ ልንገርዎ። ዲኤክስ ባዶዋን ወደ 900 ኪሎ ትመዝናለች። ከዚህ ላይ መስተዋቱ፣ ጎማው፣ ወንበሩ፣ ፕላስቲኩና ባትሪው ሲወጣ ለብረት ማቅለጫ የሚሆነው ከሁለት ሦስተኛው ብዙም አይበልጥም። ያንን ነጋዴው በኪሎ በሚከፍልዎ ያባዙትና ደላላው ከጠራልዎ ዋጋ ጋር ያስተያዩት፤ ምን ያህል እንደሚርቅ ራስዎ ያዩታል። በእኔ እምነት እየተነሣች የምትሄድን መኪና በኪሎ መሸጥ የምታልብ ላም በቆዳዋ ዋጋ እንደ መሸጥ ነው።

ፈታትቶ መሸጥ የሚሉም አሉ። የዲኤክስ ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ዲናሞ፣ ሞተሪኖና በሮች አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ገዢ አያጡም፤ በድምሩም ከሙሉዋ መኪና ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ነገር ግን ይህ የመምህር ሥራ አይደለም። መፍቻ ያለው ሰው፣ መጋዘን፣ ወራት የሚፈጅ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ጥሩ ጥሩው ከተሸጠ በኋላም የተቦረቦረው ቦዲ ግቢዎ ውስጥ የዶሮ ማደሪያ ሆኖ ይቀራል። ያም ሆኖ ወደዚያ ከሄዱ ሰሌዳውንና ሊብሬውን ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ መልሰው ከመዝገብ ያሰርዙ፤ የሞተ መኪና ሰሌዳ በሌላ መኪና ላይ ተለጥፎ ሲዞር ያየሁበት ጊዜ አለ።

መርካቶ ተመላላሽ

የብረት ነጋዴው አባባል ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው አሁን ለመሸጥ ጊዜው ክፉ አለመሆኑን ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ አስወደደ፤ ከጥር 2016 ጀምሮ ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዋጋው እንደገና ወጣ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋውን የያዘው በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው። ደላላው 260 ሺህ ብር ያለውን የመጨረሻ ዋጋ አድርገው አይውሰዱት፤ ቢያንስ ሦስት ገዢ ሳያዩ አይወስኑ።

የቀድሞ ሾፌር (ደብረ ሲና)

ሁላችሁም ጥሩ ተናግራችኋል፤ እኔ የምለው አጭር ነው። ገዢ ሸዋ ሮቢት ወይም ኮምቦልቻ ቢገኝ፣ መምህር ራስዎ ነድተው እንዳያወርዷት። ከጣርማ በር ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ተነሥተው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ያን ሁሉ ቁልቁለት በአሮጌ ፍሬን መውረድ ማለት ምን እንደሆነ ሠላሳ ዓመት በጭነት መኪና ያየሁት ነው። ፍሬን በሚሞቅበት ጊዜ ፔዳሉ ይለሰልሳል፣ ከዚያ በኋላ ሰው የሚጠራው ቅዱሳንን ነው። ገዢው ደብረ ብርሃን ድረስ ይምጣ፤ የሚፈልጋት ሰው ይመጣል። የእግር ሥሩን ቀዳዳም ቢሆን ትንሽ ላሜራ ያስበይዱበት፤ ለዋጋው ብዬ አይደለም፣ ለልጅ ልጅዎ እግር ነው።

አሰልጣኝ

ለደብረ ብርሃን ቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች መለማመጃ ትሁን የሚል ሐሳብ ካለዎት ካርቡራተር ያለው ሞተር ለጀማሪ ተማሪ ከሁሉ የተሻለ መማሪያ ነው፤ ሁሉ ነገሩ በዓይን ይታያል፣ በእጅ ይፈታል። ኮሌጁን አስቀድመው በጽሑፍ ጠይቀው ከተቀበሉዎት ብቻ ይውሰዱላቸው፤ ስጦታም ቢሆን ስሙ መዞር አለበት።

ሕግ አዋቂ

ስጦታውም ቢሆን የልጆቹ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ለሽያጭ ከወሰኑ ደግሞ የጭሱን፣ የዘይቱን መፍሰስና የዛገውን ወለል በውሉ ላይ በግልጽ ያስጽፉ። «ባለበት ሁኔታ ተሸጧል» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ሻጩ እያወቀ የደበቀው ጉድለት ካለ ያ ቃል አያድነውም። ዋጋውንም አሳንሰው አይጻፉ፤ ውሉ ቢፈርስ የሚታየው የተጻፈው ነው። ከዚያ በፊት መኪናዋ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኗን የሚያሳይ ማስረጃ ያውጡ።

ጡረተኛው መምህር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ሦስቱን ልጆቼን በስልክ አግኝቻቸው ተስማምተናል፤ አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ውክልናዋን እዚያው አዘጋጅታ ትልካለች፣ ሁለቱ እዚህ ናቸው። የወራሽነት ማመልከቻውን ሰኞ አስገባለሁ። ለደላላው እንደማልፈርም ነግሬው «እንግዲያው 300 ሺህ ላድርገው» ብሎኛል፤ በአንድ ስልክ 40 ሺህ ብር የጨመረ ሰው ቀድሞ ስንት አስቦ እንደነበረ ገባኝ።

ከሰላ ድንጋይ አንድ ወጣት መምህር ሊያያት ቅዳሜ ይመጣል። ማለዳ፣ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ፣ ጭሱን በዓይኑ እንዲያይ አስቀድሜ ነግሬዋለሁ። ፍሬኑ ነገ ይሠራል፣ ወለሉም ይበየዳል፤ ሌላውን አልነካም። ማረጋገጫው እስኪወጣ ድረስ ቁልፉ ከእኔ ጋር ይቆያል። የጋራዡ ወንድሜ፣ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ላይ የኮምፕሬሽን መለኪያውን ይዘው ቢመጡልኝ የአራቱን ሲሊንደር ልኬት ገዢው ባለበት እንድናነበው እፈልጋለሁ፤ ቁርሱ ከእኔ ነው።

የጋራዥ ሰው

እመጣለሁ መምህር። ከዋዜማው ጀምሮ እንዳያስነሷት ብቻ፤ የቆመችው ሌሊቱን ሙሉ ካልሆነ ጭሱ አይታይም።